የትኛው መንጋጋ?

«መንጋጋ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወጣው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ልጣላው አይደለም። ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አንዲት ጥያቄ ብቻ ልጠይቀው ነው። አንተ ሰው፣ ቃል አልቆብህ ነው? ለፈረስ መልክ ዳማ፣ ቡላ፣ ቦራ፣ ጉራቻ እያለ ስም ሲያወጣ የማይደክመው ሕዝብ፣ የሚያኝክበትን ጥርስና ጥርሱ የበቀለበትን አጥንት በአንድ ስም ይጠራል? ጣራውንም ግድግዳውንም «ቤት» ብሎ የሚጠራ አናጢ ቢመጣባችሁ ታሠሩታላችሁ?

አሁን «ሴትዮዋ ምን ነካት?» ትሉ ይሆናል። በሉ፣ መብታችሁ ነው። በዚህ ቃል የተነሳ አንድ ጤነኛ ጥርሴ ከአፌ ወጥቶ በሱቄ መሳቢያ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ። እሱም የሚያየኝ ይመስለኛል። የእናንተ ጥርስ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

እኔ ሮቤ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። አፌን የፈታሁት በስልጥኛ ነው፤ አፌ የታሰረው ግን በአማርኛ ነው፤ እንዴት እንደታሰረ እነግራችኋለሁ። ከአጎቴ ጋር ለንግድ በልጅነቴ ወደዚህ መጣሁ፣ ባሌንም እዚሁ አገኘሁት። ባሌ የባሌ ሰው ነው። አያችሁ አይደል? አማርኛ እንዲህ ናት። አገሩም ባሌ፣ ሰውዬውም ባሌ። «ባሌ ይበርዳል» ብል ስለማን እንደማወራ በምን ታውቃላችሁ? ለነገሩ የኔው ቃሲም እንደ ተራራው ረጅምና ዝምተኛ ስለሆነ፣ ብትሳሳቱም ብዙ አልፈርድባችሁም።

ጨርቅ ሻጭ መቀስ አያጣም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የኔ መቀስ ጎኔ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው የሚውለው። «አንዴ አውሺኝ» ብሎ የወሰደው ልጄ ሐያት ጡት ስትጥል ነው፤ ሐያት አሁን ልታገባ ደርሳለች። ስለዚህ ጨርቅ የምቀድደው በጥርሴ ጀምሬ ነው። ጠርዙን በቀኝ በኩል ነከስ፣ ጫፉን ቀጨም፣ ከዚያ በሁለት እጅ ጥርርርር! የጨርቅ ምስጢሩ ጅማሬው ላይ ነው። አንዴ ከተጀመረ ራሱ ይሄዳል፤ እጅ ዝም ብሎ መከተል ነው። አቡጀዲ ሆነ ካኪ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የቀደድኩት። ደንበኞቼም ለምደውኛል፤ መቀስ ብይዝ እንኳ «ታመምሽ እንዴ?» ነው የሚሉኝ።

ሌላም ሥራ አለኝ፤ እሱ ሱቅ የለውም። እልልታ ነው። በሰፈራችን ልጅ ሲወለድ፣ ከሐጅ ሰው ሲመለስ፣ ሙሽራ ከጓዳ ስትወጣ፣ እኔ ሳልጀምር የሚጀምር የለም። «የእሷ እልልታ ጎባ ይሰማል» ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፣ ጎባ ሩቅ ነው። ነፋሱ ከረዳኝ ግን አልምልም። ሐያት ልጅ ሆና እልል ስል ሁለት ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ነበር የምትደበቀው። ዓይን አፋር ናት፤ በአባቷ ወጥታ። ስትናገር እንኳ ጠጋ ብላችሁ ነው የምትሰሟት።

እንግዲህ የኔን ነገር ልብ በሉልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሴት ልጅ ሁሉ በኔ እልልታ ነው ከቤቷ የወጣችው። አሁን ተራው የራሴ ልጅ ሆነ። ያለችኝ አንዲት ናት። ሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀረው። እኔም ለዚያች ቀን ጉሮሮዬን ማርና ቅቤ እያጠጣሁ ነበር።

የሙሽራዋ እናት አፏን ካልከፈተች ደግሞ ልማዱ የታወቀ ነው፤ የአባት እህት ትጀምራለች። የሐያት የአባቷ እህት ሩቂያ ናት፤ የባሌ ታላቅ፣ ጎረቤቴ። ስለ ሩቂያ ድምፅ ብዙ አልልም፤ የአማት ወገን ነው። ዘይት ቀምሶ የማያውቅ የቆርቆሮ በር ሰምታችኋል? እሱ ነው። በሩስ ሲዘጋ ዝም ይላል።

የገበያ ቀን ነበር። ከዲንሾ የመጣ ሰውዬ የፍራሽ ጨርቅ ጠየቀኝ፤ ወፍራሙን፣ ባለ መስመሩን። እንደ ልማዴ ነከስ አደረግሁና ሳብ ሳደርግ፣ ከጆሮዬ ፊት «ቋ!» አለ። ሰውዬው ዞሮ መደርደሪያዬን አየ። «ምን ተሰበረ?» አለኝ። እኔ ነኝ የተሰበርኩት፤ ግን ልነግረው አልቻልኩም፤ አፌ ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለ።

ማምሻውን ቤት ገብቼ ዝም አልኩ። ከተጋባን ጀምሮ ዝም ብዬ አላውቅምና ቃሲም ክው አለ። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ፣ ሃዳ ሐያት?» አለኝ፤ የሐያት እናት ማለቱ ነው። እጄን ወደ ጉንጬ ሳነሳ ያኮረፍኩ መሰለው። እኔ ምንም ሳልጠይቀው ጥፋቱን ሁሉ ዘረገፈው። የሠርጉን ድንኳን ቀለም ሩቂያ እንድትመርጥ ፈቅዶላት ኖሯል። አረንጓዴ! ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ በንግግር ብሆን ይህን በአሥር ዓመትም አላገኘውም ነበር።

በማግስቱ ወደ መንግሥት ሐኪም ቤቱ ጥርስ ክፍል ሄድኩ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ሮቤና ጎባ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸው፣ እኔም ነጋዴ ነኝ። ገና ሳይነጋጋ ነው የተሰለፍኩት። የሮቤ የማለዳ ብርድ የሰውን ጥርስ ሁሉ ያንገጫግጫል፤ የኔ ለመንገጫገጭ እንኳ አልንቀሳቀስ አለ። ካርድ ክፍል ያለው ሰው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ምንሽን ነው?» አለ።

«መንጋጋዬን።»

«ጥርስ!» ብሎ ጻፈ። አለቀ። የኔ ታሪክ እዚያች ወረቀት ላይ አለቀ።

ወረፋው ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ያኔውኑ መረዳት ነበረብኝ። ጉንጩ ያበጠ ገበሬ ገባ፣ ጥጥ ነክሶ ወጣ። ጥርሷ የተቦረቦረ ልጅ ገባች፣ ጥጥ ነክሳ ወጣች። «ድዴን ይበላኛል» ሲሉ የነበሩት ሽማግሌም ገቡ፤ ጥጥ ነክሰው ወጡ። የመግቢያው በሽታ ልዩ ልዩ ነው፤ መውጫው አንድ ጥጥ ነው። እኔ ሞኟ ግን «ጎበዝ ሐኪም ነው፣ ሁሉንም ያስተናግዳል» እያልኩ አደንቅ ነበር።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ። በአክብሮት ነው የተቀበለኝ፣ እሱን አልክድም።

«ምንዎን ነው እናቴ?»

«መንጋጋዬን።»

«የትኛው መንጋጋ?»

«የቀኙ።»

«የላይኛው ነው የታችኛው?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የላይኛው መንጋጋ ተንቀሳቅሶ ያውቃል? «የታችኛው ነዋ!» አልኩት።

«ይነቃነቃል?»

«አይነቃነቅም! እሱ አይደል ያመጣኝ፣ አልነቃነቅ ብሎኝ!»

«ገባኝ፣ ጠንካራ ነው። አይጨነቁ፣ እናነቃንቀዋለን።»

«አልሐምዱሊላህ!» አልኩ። ወላሂ፣ በዚህ አፌ አመሰገንኩ።

እስቲ ፍረዱን። ከሁለታችን ማን ዋሸ? ማንም። እሱም እውነት ጠየቀ፣ እኔም እውነት መለስኩ። በእውነት ብቻ ተነጋግረን እንዲህ የተጠፋፋ ሰው ከባቢሎን ወዲህ ያለ አይመስለኝም።

«ይክፈቱ» አለኝ። «አይከፈትም» አልኩት። «አይፍሩ» አለኝ። መርፌ ወጋኝ፤ ለተቆለፈው አጥንቴ ማለስለሻ መስሎኝ ደስ አለኝ። ግማሽ ፊቴ ሲደነዝዝ «ይኸው መድኃኒቱ ሠራ» አልኩ። ከዚያ በዚያች በሁለት ጣት ክፍተት ጉጠቱን አስገባ። ሙያውን አልነሳውም፤ በመስኮት ፍርግርግ አልጋ የማውጣት ያህል ነው። «ትንሽ ይጫንዎታል» አለ። ተጫነኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ ገመገም የሚናድ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ሳህኑ ላይ ቀጭ አለ።

አየሁት። ነጭ፣ ሙሉ፣ ሁለት ሥር ያለው፣ ቀዳዳ ያልነካው። እሱም አየው። ግንባሩን ትንሽ ቋጠረና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጥሩ ጥርስ ነበር።»

ነበር!

ልጮህ ስል ጥጥ አጎረሰኝ። «ነክሰው ይያዙ፣ ግማሽ ሰዓት እንዳይናገሩ» አለ። ጤነኛ ጥርሷን የተነቀለች ሴት፣ ግማሽ ሰዓት አትናገር! የተሰደበ ሰው መልስ እንዳይሰጥ አፉን ከመያዝ በምን ይለያል? በእጄ አመልክቼ ጥርሴን ተቀበልኩና በሻርፔ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ። በሩ ላይ የተቀመጡት «አይዞሽ፣ ተገላገልሽ» አሉኝ። ጥጤን ነክሼ አለፍኳቸው።

ድንዛዜው ሲለቅ አፌ ከሁለት ጣት ወደ አንድ ጣት ወርዶ አገኘሁት። ሻይ በማንኪያ፣ አጥሚት በማንኪያ ሆነ ኑሮዬ። ሩቂያ ልትጠይቀኝ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጄን ይዛ «አይዞሽ ሃዳ ሐያት፣ ስለ ሠርጉ አታስቢ። እኔ አለሁ» አለችኝ። ከዚህ የከፋ ማጽናኛ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ ልምምድ ጀመረች። «እልልል» ትላለች፣ ትስላለች፣ እንደገና «እልልል» ትላለች። ዶሮዎቼ ያን ሳምንት እንቁላል አልጣሉም።

«የግሉ ይሻላል፣ እዚያ ሰው ይሰማል» አለ ቃሲም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ባጃጅ ይዘን ሄድን። በሩ ላይ በጫማችን ላይ የላስቲክ ሽፋን አስጠለቁን። ወንበሩ ይሰምጣል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ጥርስ ብቻ ያሳያል። እንግዳ ተቀባይዋ መልከ መልካም ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ማር ነው። «እንኳን ደህና መጡ እትዬ፣ ምንዎን ነው የታመሙት?»

እኔ መንጋጋ የሚለውን ቃል ዳግመኛ ላልጠራ ምዬ ነው የሄድኩት። ታዲያ ቦታውን ምን ልበለው? ከጆሮ ፊት ያለው ሥፍራ ስሙ ምንድነው? አሰብኩ፣ አሰብኩና በዚያች በአንድ ጣት ቀዳዳ «ጆሮ ግንዴን ነው» አልኳት።

ልጅቷ ፈገግታዋ ጠፋ። ቀስ ብላ ከኔ ወደ ቃሲም ዞረች። ከእግሩ እስከ ራሱ ለካችው፤ ረጅም ነው አላልኳችሁም?

«ማነው ጆሮ ግንድሽን ያለሽ?» አለችኝ፣ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ወርዳ፣ በእህትነት።

ቃሲም ዝንብ እንኳ «እስቲ ውጪልኝ» ብሎ ለምኖ የሚያስወጣ ሰው ነው። ደንግጦ «ኧረ እኔ አልነካኋትም!» አለ። ይህን ከማለት ቢመታኝ ይሻለው ነበር። እኔ ላስረዳ «እምምም፣ እምምም» ስል ልጅቷ ጓደኛዋን ጠርታ «ፈርታው ነው፣ በፊቱ መናገር አልቻለችም» አለቻት። ውኃ አመጡልኝ። ወደ ጎን ወስደው «ሕግ አለ እኮ እህቴ» አሉኝ። ያ ምስኪን ሰውዬ በላስቲክ በተሸፈነ ጫማው ጥግ ቆሞ ላቡ ይንቆረቆራል። ልስቅ ፈለግሁ፣ አልተከፈተልኝም። ላለቅስ ፈለግሁ፣ እሱ ተሳካልኝ፤ ሲያዩኝ ደግሞ ጭራሽ አረጋገጡ።

እንደ ምንም ከሐኪሙ ፊት ደረስኩ። ይኸኛው ሽቶ ሽቶ ይላል። በወንበሩ ከፍ አደረገኝ፣ ዝቅ አደረገኝ፣ ቀጭን ካሜራ በቀዳዳዋ አስገብቶ ጥርሴን ግድግዳው ላይ የዶሮ ቤት አሳክሎ አሳየኝ። የተነቀለው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኸ ክፍት ቦታ ምንድነው?» አለ። ዓይኑ በራ። የሮቤን ሰው ታውቁት የለም? ክፍት ቦታ ካየ የሚሠራበትን ነው የሚያስበው።

«በስህተት ነቅለውብኝ ነው። አፌ ግን አይከፈትም፣ ሕመሜ እሱ ነው፤ ልጄ ልትዳር…»

«እዚህ እንተክላለን» አለ። «ወይም ብሪጅ፣ ድልድይ ማለት ነው፣ ከዚህ እዚያ እንሠራለን። የፊቶቹንም እናነጣቸዋለን፣ ለሠርግ ያምራል። ፈገግታዎ ጥሩ ነው።»

«ፈገግ አላልኩም! አፌ አይከፈትም ነው የምልዎት!»

«ጫት ይቅማሉ?»

«እኔ?! በምኔ ልቃመው?»

ዝርዝሩን አትሞ ለቃሲም ሰጠው። ቃሲም አነበበና አፉን ከፈተ። ሁለታችን ተያይዘን ሄደን አፉ ተከፍቶ የተመለሰው እሱ ነው።

በባጃጁ ውስጥ ንዴቴ እንደ ወተት ገነፈለ። የመንግሥቱ ይነቅላል፣ የግሉ ይተክላል፤ ችግኝ መሰልኳቸው እንዴ? አንደኛው ሰው በዝቶበት አይሰማኝም፣ ሌላኛው ሰው አጥቶ አይሰማኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ እኔ መቼ ደበቅሁ? ጮኼ ተናገርኩ እኮ! ከሁለቱ አንዳቸው እንኳ እጃቸውን ፊቴ ላይ አድርገው «እስቲ ክፈቺ፣ እስቲ ዝጊ» አላሉኝም። ለአንዲት የሁለት ጣት የሐኪም ሥራ ጥርሴን ከፈልኩ፣ ባሌን አሰደብኩ፣ ሠርጉም አምስት ቀን ቀረው። ከአጥሩ ወዲያ ሩቂያ አሻሽላለች፤ አሁን የምትስለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

በነጋታው ለጠብ ተነሳሁ። ጥርሴን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ወረፋውን ጥሼ (አውፍ በሉኝ፣ ሰዎች) የመንግሥቱ ጥርስ ክፍል ገባሁና ያ ልጅ እግር ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ቀጭ አደረግሁት።

«ይኸ የማነው?» አልኩት በጥርሶቼ መሃል።

አወቀው። «የእርስዎ ነው እናቴ።»

«ለምን ነቀልከው?»

«መንጋጋዬን ብለውኝ…»

«አዎ! መንጋጋዬን ነው ያልኩህ! ይኸንን!» ብዬ በመዳፌ ከጆሮዬ ፊት ጠበቅ አድርጌ መታሁ። «ቋ!» አለ።

ልጁም ሰምቶታል። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እጁን ታጠበ፣ ሁለት ሁለት ጣቱን ከሁለቱ ጆሮዎቼ ፊት አሳረፈ። «ይክፈቱ… ይዝጉ… እስቲ ደግመው ይክፈቱ።» ፊቱ አመድ መሰለ።

«መጋጠሚያው ነው» አለ። «የመንጋጋዎ መጋጠሚያ። ያ ረቢ!»

መጋጠሚያ! አያችሁልኝ? አንዲት ቃል ነበረች የጎደለችው። ካርድ ክፍሉ ቢጠይቀኝ፣ ይኸኛው ቢጠይቀኝ፣ ያኛው ቢጠይቀኝ፣ ማናቸውም ያቺን ቃል ቢያውሱኝ ጥርሴ ዛሬ አፌ ውስጥ ነበር።

«ሥራዎ ምንድነው?» አለኝ።

«ጨርቅ እሸጣለሁ። መቀሴ ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው፤ በጥርሴ ነው የምጀምረው።»

አየኝ፣ አየኝና «ገበያው መግቢያ ላይ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን?» አለ። የጋዋኑን ጫፍ ይዞ ተመለከተው። «ስመረቅ እናቴ ይኸን ጨርቅ ከእርስዎ ገዝታ ነው ያሰፋችልኝ።»

ሱብሃነላህ! በዚያችው ጥርስ ጀምሬ የቀደድኩለትን ጋዋን ለብሶ ነው ያቺኑ ጥርስ የነቀላት። እኔ የምለው ስድብ በሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ «ይቅር ይበሉኝ እናቴ። ሰው በረንዳው ድረስ ሞልቶ ነበር። ወረቀቱን ነው ያየሁት፣ እርስዎን አላየሁም» አለኝ። ይቅርታ የጠየቀን ሰው እንዴት ትሰድቡታላችሁ? ስድቤ ሁሉ ቀረብኝ፤ እሱም ራሱ አናደደኝ። እንኳን ለጠብ ለይቅርታም አፌ አንድ ጣት ነው፤ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁለት።

መድኃኒቱን ነገረኝ። የሞቀ ፎጣ፣ ለስላሳ ምግብ፣ ቆሎ እርም፣ ጨርቅ በጥርስ መቀደድ እርም። መቀሴን ዛሬውኑ ከልብስ ሰፊው እንድቀበል። በሁለቱ ጣቶቹ ቀስ አድርጎ እያሸ እንዴት እንደማንቀሳቅሰው አሳየኝ። በሁለት ወር ይለቃል አለኝ። ያ ሁሉ መከራ መጨረሻው ፎጣና ሙቅ ውኃ ሆነ።

«እልልታስ?» አልኩት።

«እሱማ ፈጽሞ!»

«የልጄ ሠርግ እሁድ ነው።»

«አፍዎ አንዴ በኃይል ከተከፈተ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል» አለኝ። «ያን ጊዜ መልሶ ማስገባቱ ለኔም ለእርስዎም ከባድ ነው። እባክዎ፣ ዘንድሮን ለሌላ ሰው ይተዉት።»

ዘንድሮን! ሐያት በየዓመቱ ነው እንዴ የምትዳረው?

ለቃሲም አልነገርኩትም። ሐያት ግን ፎጣውን እያሞቀች የምታመጣልኝ እሷ ስለሆነች፣ «ሐኪሙ ምን አለሽ እማ?» ስትለኝ ነገርኳት። ፎጣውን ጨምቃ ጉንጬ ላይ አደረገችልኝ፤ ምንም አላለችም። የአባቷ ልጅ ናት።

እሁድ ደረሰ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው ግርግር ሁሉ ነበር፤ ያን አልተርክላችሁም። አረንጓዴው ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው ሁሉ ፊቱ የእንቁራሪት መልክ ይዟል። የሙሽራው ወገን ከጎባ ጥሩምባውን እያስነፋ ደረሰ። ሴቶቹ ከጓዳው በር ፊት ሞሉ። እኔ ሻርፔን በአገጬ ሥር አስሬ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሩቂያ ከማዶ ቆማለች፤ ጠዋት ሦስት ማንኪያ ማር ስትልስ አይቻታለሁ።

ሐያት ተሸፋፍና፣ አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ደንቡ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ወጣች። እነዚያ ሴቶች፣ የነዚያ ሴቶች ልጆች፣ ሁሉም ልማዳቸው ነውና እኔን አዩ። ሩቂያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ተናደድኩ። በካርዱ፣ በጉጠቱ፣ በካሜራው፣ በድንኳኑ፣ በሩቂያ ማር፣ በራሴ ጥርስ፣ በሁሉም ተናደድኩ። ተከፍቶ ይቅር! አልኩ በልቤ። አፌን ከፍቼ እኖራለሁ! አየር ሳብኩ።

«እልልልልልልል!»

እኔ አይደለሁም። አፌ ገና አልተከፈተም። ሩቂያም አይደለችም፤ ያ ድምፅ ስሎም ዝጎም አያውቅም። ከመሸፈኛው ሥር ነው የመጣው። ሙሽራዋ ናት!

ሙሽራ በገዛ ሠርጓ እልል ስትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነውር ነው! አንገቷን እንኳ ቀና አላደረገችም፤ ወደ መሬት እያየች፣ ጠረጴዛ ሥር ጆሮዋን ይዛ የሰማችውን ሁሉ አወጣችው። ያ ዓይን አፋር ጉሮሮ ያንን የት ደብቆት ኖሯል? አነሳሱ የኔ፣ አወጣጡ የኔ፣ መጨረሻው ላይ የምትሰበረዋ ነገር ሳትቀር የኔ። ሴቶቹ ለአንድ አፍታ ደርቀው ቆሙ፤ ከዚያ ጫፉ እንደተጀመረ ጨርቅ ግቢው ከዳር እስከ ዳር ጥርርር አለ።

የሙሽራው አክስት ደንግጠው «ኤኙ? ማናት?» አሉ። ከሩቂያ አጠገብ ነበሩና እሷን ነው የጠየቁት። ሩቂያ ማሩን የዋጠችው በከንቱ ሆኖባት ፊቷ ኮምጥጧል።

«የእናቷ ድምፅ ነው» አለች በቁጣ። «የማን ሊሆን ኖሯል?»

እኔ «ስድ!» ልላት ፈልጌ ነበር፤ በሞላው ሰው ፊት ልገሥጻት። አልወጣልኝም፤ ዓይኔ ነው ቀድሞ የፈሰሰው። ሐያት ባጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች። ከመሸፈኛው ሥር እጇን አውጥታ መዳፏን ከቀኝ ጆሮዬ ፊት፣ በትክክል እዚያች ቦታ ላይ ለጠፍ አደረገችልኝ። እጇ ሞቃት ነበር። የትኛው መንጋጋ ብላ አልጠየቀችኝም።